መውጫ በሌለው ሐይቅ ዳር የሚሠራ የእንግዳ ቤት

አባቶቻችን ስለ እንግዳ ሲናገሩ፥ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፥ በሁለተኛው ቀን ብር፥ በሦስተኛው ቀን ብረት ነው ይላሉ። ይህን ማለታቸው እንግዳ ጠልተው አይደለም። እንግዳ የሚመጣበትን ብቻ ሳይሆን የሚሔድበትንም ቀን ይወቅ ሲሉ ነው። እኛ ዛሬ በዚህ ገጽ ልናነሣ ያሰብነው ግን በሦስተኛውም ሆነ በሠላሳኛው ቀን የማይሔደውን እንግዳ ነው። ይኸውም ለአገር ጐብኚ ተብሎ የሚሠራው ቤት ነው። ጐብኚው ፎቶግራፉን አንሥቶ፥ ሒሳቡን ከፍሎ፥ አመስግኖ ይሰናበታል። ቤቱ ግን ከነቧንቧው፥ ከነጉድጓዱና ከነአጥሩ ለልጅ ልጅ ይቀመጣል። እንግዲህ ለሰው እንግዳ ሦስት ቀን የወሰነ ሕዝብ፥ ለዚህኛው እንግዳ ምን ሥርዓት ሊያወጣለት ይገባል?

ይህን ጥያቄ እንድንጠይቅ ያደረገን ወደ ሐይቅ የሔድነው የአንድ ቀን ጉዞ ነው።

በበሩ ላይ የቀረችው ጓደኛችን

ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደሴ የደረሰ መንገደኛ፥ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ቢቀጥል ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከተማዪቱ ስሟን ያገኘችው ከጐኗ ከተኛው ውኃ ነው። ሎጎ ሐይቅ እየተባለም የሚጠራው ይህ ውኃ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ጥልቀቱ እመካከሉ ላይ ከ80 ሜትር ያልፋል። ወደ ሰሜን ቀና ብሎ ለሚመለከት ሰው የአምባሰል ተራሮች ይታዩታል። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን አንዱን በስሙ የሰየምንለት አምባሰል ያ ነው።

ወደ ውኃው ገባ ብሎ በሚገኘው በደን የተሸፈነ ምድር ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ቦታው ጥንት ደሴት ነበረ፤ ዛሬ ግን በአንድ ወገን ከየብስ ጋራ ተያይዟል። ቤተ ክርስቲያኑ በ9ኛው መቶ ዓመት እንደ ተተከለ በትውፊት ይነገራል። ገዳሙን በትምህርት ያስጠሩት ግን በ13ኛው መቶ ዓመት የነበሩት አቡነ ኢየሱስ ሞአ ናቸው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚሁ መጥተው ከእርሳቸው እግር ሥር መማራቸው በገድል ይታወቃል። አቡነ ኢየሱስ ሞአ ለገዳሙ የሰጡት የአራቱ ወንጌላት የብራና መጽሐፍ በጊዜ ከታወቁት ጥንታውያን መጻሕፍቶቻችን አንዱ ነው።

እኛ ወደዚያ የሔድነው አራት ሆነን ነበር። በዩኒቨርሲቲ አብረን የተማርንና አሁን በየመሥሪያ ቤቱ የተበተንን ጓደኛሞች ነን። ከአራታችን አንዷ ሴት ናት። ከገዳሙ በር ስንደርስ እርሷ ቆመች፤ በሥርዓቱ መሠረት ሴት ወደ ውስጥ አትገባምና። እኛ ሦስታችን ገብተን መነኮሳቱን ተሳለምን፤ የቅርስ ማኖሪያውንም አየን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስንወጣ ጓደኛችን ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ፥ መረቡን ከሚጠግን አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ጋራ ስትጫወት አገኘናት።

«ምን አያችሁ?» አለችን። እኛም ያየነውን እየተቀባበልን ነገርናት። እርሷም አዳምጣን ስታበቃ፥ «እኔ ደግሞ ከአባባ የሰማሁትን ልንገራችሁ» ብላ ወደ ሽማግሌው ዞረች። ሽማግሌውም ዐይናቸውን ከመረቡ ሳያነሡ፥ «ይኸ ውኃ፥ ልጆቼ፥ መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም። አላህ እንዲህ አድርጎ ፈጠረው። ደግም ስጠው፥ ክፉም ስጠው፥ የሰጠኸውን ያስቀምጥልሃል» አሉን።

ከተመለስን በኋላ ስናስበው፥ ስለዚያ ቦታ መሠረታዊውን ነገር የተማረችው ከበሩ የቀረችው ጓደኛችን ሆና አገኘናት።

የሰጡትን የሚያስቀምጥ ውኃ

የሽማግሌው ቃል የሳይንስም ቃል ነው። ጣና ዓባይን ይሸኛል፤ ሐይቅ ግን የሚሸኘው ወንዝ የለውም። ከየኰረብታው የሚወርደው ጐርፍ ወደ እርሱ ይገባል። ከበላዩ ካለው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚነሣው ወንዝም መውረጃው ወደዚሁ ነው። የገባው ውኃ በገሃድ የሚወጣው በፀሐይ ተንኖ ነው። ፀሐይ ደግሞ ውኃውን ብቻ ትወስዳለች፤ ጨውን፥ አፈርን፥ የሳሙናን ትራፊና የሽንት ቤትን ፍሳሽ ግን ትታቸው ትሔዳለች።

ይህ ነገር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለማወቅ የሐይቁን የቅርብ ታሪክ መመልከት ይበቃል። ባክስተርና ጎሎቢትሽ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ሐይቁ ሲጽፉ፥ ውኃው ጥርት ያለና አልጌ የሚባለው ደቃቅ የውኃ ተክል ያልበዛበት ነበር። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ እንዲራባበት ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ኤልሳቤጥ ከበደና የሥራ ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት፥ ሐይቁ ከልክ በላይ በምግብ እየበለጸገ፥ አልጌው እየበዛና ጥራቱም እየቀነሰ መሔዱን ገለጡ። ጥርቱ ውኃ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ደፈረሰ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ዓሣው ጥፋተኛ ነው ለማለት አንቸኩልም። የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ከእርሱ ይገኛልና። ለማለት የፈለግነው፥ በተዘጋ ውኃ ላይ የሚደረግ አንድ አዲስ ነገር ሁሉ ከታሰበለት በላይ ርቆ ሊሔድ ይችላል ነው። አልጌ ሲበዛ የላዩ ውኃ ይለመልማል፤ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ ግን ለዓሣው መተንፈሻ የሚሆነውን አየር ይጨርስበታል። አልጌን ከሚያሰቡት ነገሮች ዋናዎቹ ደግሞ ከሽንት፥ ከማዳበሪያና ከአንዳንድ ሳሙናዎች የሚገኙት ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ናቸው። እነዚህም ጥሩ አልጋና ጥሩ መታጠቢያ ያለው የእንግዳ ቤት በየቀኑ የሚያወጣቸው ነገሮች ናቸው።

ትልቁ ሲሠራ ትንንሾቹ ይከተላሉ

በ2015 ዓ.ም. ገበታ ለትውልድ የተባለው ፕሮጀክት ሲጀመር፥ ሎጎ ሐይቅ እንዲለሙ ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ እንደ ነበረ አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ። በወሎ ወጣት ዘንድ ደስታን የሚያሳድር ነገር ነው። እኛም ከደስተኞቹ መካከል ነን። ሆኖም በሌሎች ቦታዎች እንዳየነው፥ አንድ ትልቅ ቤት በውኃ ዳር ሲሠራ ዐሥር ትንንሾች ይከተሉታል። ትልቁን መሐንዲሶች ያጠኑታል፤ ትንንሾቹን ግን ብዙ ጊዜ የሚያጠናቸው የለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ከሥራው በፊት ጥናት ይቅደም ብሎ መደንገጉ መልካም ነው። ነገር ግን አዋጁን ወደ መሬት የሚያወርደው በወረዳው ጽሕፈት ቤት ፕላኑን የሚመረምረው ወጣት ሠራተኛ ነው። ይህ ጽሑፍም በተለይ የተጻፈው ለእርሱና ነገ በእርሱ ወንበር ለሚቀመጠው ተማሪ ነው።

በቢሾፍቱ ሐይቆች ዳር የሆነውን ብዙዎቻችን በዐይናችን አይተናል። ከባቦጋያ ዳር በብዙ ቦታ ወደ ውኃው ለመውረድ የሚፈልግ ሰው በሆቴል በር ማለፍ አለበት። ሻይ የሚገዛበት የሌለው ልጅ የተወለደበትን ሐይቅ በአጥር ቀዳዳ ያየዋል። የሐሮማያ ሐይቅ ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ ሆኖልናል። ለከተማና ለመስኖ ሲቀዳ፥ ደለልም ሲገባበት ኖሮ በ1990ዎቹ ዓመታት ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ውኃ ቢመለስበትም፥ ሐይቅ የሚሞት ነገር መሆኑን ለትውልዳችን ያሳየን እርሱ ነው።

አልጋው በከተማ፥ ወንበሩ በሐይቅ ዳር

እንግዲህ በሐይቅ ዳር ምን ዓይነት ቤት ይሠራ? የእኛ አሳብ አጭር ነው። ከእንግዲህ የሚጨመረው ቤት አልጋ የሌለው ይሁን። ጐብኚው በቀን መጥቶ፥ ዐርፎ፥ ተምሮና በልቶ የሚሔድበት ቤት ይበቃል። ከገዳሙ እስከ ከተማው ያለው ርቀት ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደሴም ሩቅ አይደለችም። ስለዚህ እንግዳው በከተማ ይደር። አልጋው፥ መታጠቢያውና ልብስ ማጠቢያው ከውኃው ሲርቅ ፍሳሹም ይርቃል። በተጨማሪም የአልጋው ገንዘብ ለአንድ ባለ ሀብት ብቻ ሳይሆን ለከተማው ነጋዴ፥ ለባለ ቡናዋና ለባለ ጋሪው ይከፋፈላል። መኪናም በከተማው ይቁም። እስከ ገደሉ ድረስ የሚቆረጥ የመኪና መንገድ በክረምት የጐርፍ ቦይ ሆኖ አፈሩን ወደ ሐይቁ ያወርዳልና፥ ለእግረኛና ለበቅሎ የሚሆን በድንጋይ የተነጠፈ መንገድ ይሻላል።

ቤቱ ከውኃው ጠርዝ ወደ ኋላ ይራቅ። በዳሩ ያለውን ፊላና ቀጠማ ለዕይታ ብሎ የሚያስመነጥር መሐንዲስ ቢመጣ፥ ቤቱ ሳይሠራ ጉዳቱ ጀመረ ማለት ነው። ያ ለምለም ቀበቶ ጐርፉን ያዘገያል፤ ደለሉን ያጠልላል፤ ለወፎች ጐጆ፥ ለዓሣ ጫጩትም መደበቂያ ይሆናል። ጐብኚው ውኃውን በቅርብ ማየት ከፈለገ በእንጨት ርብራብ የተሠራ አንድ ጠባብ መተላለፊያ ይበቃዋል።

ሽንት ቤቱን በሚመለከት አናፍርም፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እርሱ ነውና። በውኃ የሚሠራ ሽንት ቤት አንድ ጊዜ በተለቀቀ ቁጥር ከ6 እስከ 9 ሊትር ያፈሳል። ሃያ ሰዎች በቀን አምስት አምስት ጊዜ ቢጠቀሙና ለአንድ ጊዜ 8 ሊትር ብንቆጥር፥ በቀን 800 ሊትር፥ በዓመት 292,000 ሊትር የቆሸሸ ውኃ ይሆናል። ይህ ሁሉ ወደ ጉድጓድ ይገባል፤ ከጉድጓድ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ መሬቱም ወደ ሐይቁ ያዘነብላል። በዚህ ፈንታ ሁለት ክፍል ያለው ደረቅ ሽንት ቤት ሊሠራ ይችላል። በአንደኛው ክፍል እየተጠቀሙ አመድና ጭድ ይነሰነስበታል፤ ሲሞላ ይዘጋና ሌላው ይከፈታል። የተዘጋው ከአንድ ዓመት በላይ ሲቆይ በስብሶ አፈር ይሆናል፤ ለዛፍ ችግኝም ማዳበሪያ ይወጣዋል። ይህ ለድሀ አገር የተተወ ነገር አይደለም። ሀብታሞቹ አገሮችም በተራራና በጥብቅ ደን ውስጥ በሚሠሩአቸው የእንግዳ ቤቶች ይጠቀሙበታል።

ግድግዳው በአካባቢው ድንጋይ ይሠራ። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ለቀዝቃዛው ማታ ያቆየዋል። የቤቱ ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢሆን፥ የማለዳውና የተሲያቱ ፀሐይ በሰፊው ጐን አይገባም። በክዳኑ ላይ ግን አንድ ችግር ያጋጥመናል። የሣር ክዳን ያምራል፤ ዝናብንም ድምፅ ሳያሰማ ያሳልፋል፤ ነገር ግን ከእርሱ የሚወርደው ውኃ ጠቁሮ ስለሚወርድ ለመጠጥ አይቀዳም። ቆርቆሮ ደግሞ አያምርም፤ ውኃ ግን ይሰበስባል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲዘንብ አንድ ሊትር ይሆናል። ስለዚህ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት ቦታ፥ 100 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ክዳን፥ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ፥ 80,000 ሊትር ያጠራቅማል። መፍትሔው ሁለቱን ማስታረቅ ነው። እንግዳው የሚቀመጥበት በሣር፥ ከኋላ ያለው ወጥ ቤትና ዕቃ ቤት በቆርቆሮ ይከደን። ዋናው ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ ስለሚወርድ ለበጋው የሚያቆይ ጥሩ የውኃ ማጠራቀሚያ ያስፈልጋል። እንዲህ ከሆነ ከሐይቁ አንዲት ባልዲም አይቀዳም።

መብራቱ ከፀሐይ ኀይል ይሁን፤ እርሱም ጥቂትና ወደ መሬት የሚያበራ ይሁን። ጄኔሬተርና ድምፅ ማጉያ ግን አይግቡ። በውኃ ላይ ድምፅ ሩቅ ይሔዳል፤ ማዶ ደግሞ የሚጸልዩ ሰዎች አሉ።

የወሎ ወጥ ቤት

በሐይቅ ዙሪያ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ውኃ ዳር፥ በአንድ ገበያ ይኖራሉ። ቤቱም ይህን ማወቅ አለበት። ሥጋ የሚሠራ ከሆነ ወጥ ቤቱ ሁለት፥ ዕቃውም የተለያየ ይሁን። ወይም ከዚህ ሁሉ ይልቅ ዓሣ፥ ሽሮ፥ ምስርና ቡና ብቻ የሚቀርብበት ቢሆን፥ ወጪውም ይቀንሳል፤ ሁሉም ከአንድ መሶብ ይበላል። ዓሣው የሚጸዳበት ቦታም በዕቅዱ ውስጥ ይግባ። አንጀቱና ቅርፊቱ ወደ ውኃው መወርወሩ ቀርቶ ተቀብሮ ማዳበሪያ ይሁን።

አሁን ወደ በሩ ቀርታ ወደ ነበረችው ጓደኛችን እንመለስ። ገዳሙ ሥርዓቱን እንዲለውጥ የምንጠይቅ አይደለንም፤ ዘመናት ያጸኑት ሥርዓት ነው። ያ ደንም እስካሁን የቆመው በዚሁ ሥርዓት ነው። ጥብቅ ቦታ የሚለውን ቃል ከውጭ አገር መጻሕፍት ሳንማር፥ ገዳሙ ጥብቅ ቦታ ነበረው። ነገር ግን ከጐብኚዎች እኩሌታ የሚሆኑት ሴቶች ከበር ከቀሩ፥ ለእነርሱ ከበሩ ውጭ ያለው ነገር ከድንጋይ መቀመጫ የተሻለ መሆን ይገባዋል። በእንግዳው ቤት ውስጥ አንድ የታሪክ ክፍል ይኑር። የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት በፊልም በተነሡበት ጊዜ በቁጥር 1832 ተመዝግቦ ፎቶግራፉ ተነሥቷል። ገዳሙ ከፈቀደ፥ የዚያን ቅጂ አንዲት የወሎ ተማሪ ከበሩ ውጭ ተቀምጣ ገጽ በገጽ ልታየው ትችላለች። እንዲህ ያለው ክፍል ውድ አይደለም፤ አንድ ጸጥ ያለ ግድግዳና መልካም ፈቃድ ይበቃዋል።

የበዓሉ ቀንና ባዶው ዓመት

የእንግዳ ቤት የሚፈተንባቸው ሁለት ጊዜያት አሉ። አንደኛው ሰው የሚበዛበት ቀን ነው። በአምባሰል ያለችውን ግሸን ማርያምን እናስብ። መስከረም 21 ቀን ከየአገሩ የሚጐርፈው ምእመን ጠባቡን የአምባ መንገድ ሞልቶ ይወጣል። ለዚያ ቀን የሚበቃ ቋሚ ሕንፃ ይሠራ ቢባል ተራራው በግንብ ይሸፈናል፤ በቀሩት ቀኖችም ባዶውን ይቆማል። ለሕዝብ መብዛት የሚሆነው በጊዜው ተተክሎ የሚነቀል ድንኳን፥ የሚሞላ የውኃ በርሜልና አስቀድሞ የተቆፈረ መጸዳጃ ነው። ሐይቅም እንዲሁ የዕለቱን ሰው ብዛት ሳይሆን የዘወትሩን ልክ ይያዝ።

ሁለተኛው ሰው የሚጠፋበት ዓመት ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ሐይቅን አዳረሰ። በእንዲህ ያለው ዓመት በጐብኚ ገንዘብ ብቻ የቆመ ቤት ይዘጋል፤ ቧንቧው ይዝጋል፤ ዘበኛውም ይሰናበታል። ለአካባቢው ሰው የሚሆን ሥራ ያለው ቤት ግን አይዘጋም። ችግኝ የሚፈላበት፥ ተማሪ ስለ ውኃና ስለ ወፍ የሚማርበት፥ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር የሚሰበሰብበት ከሆነ፥ ፈረንጅ ባይመጣም ባለቤት አለው።

ለዚህ ከወሎ ሳንወጣ ምሳሌ እናገኛለን። በሰሜን ወሎ በመቄት፥ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ተስፋ በተባለው ድርጅት ረዳትነት መቋት ማርያምን በመሳሰሉ ቦታዎች የገበሬው ማኅበረሰብ ራሱ የሚያስተዳድራቸው ጐጆዎች ተሠርተዋል። ጐጆዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ድንጋዩም ሣሩም የአካባቢው ነው፤ ገቢውም ለማኅበረሰቡ ይደርሳል። በመንዝ ጓሳም ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በተባለ ሥርዓት የሣር መሬቱን ለዓመታት ዘግቶ በቀጠሮ ይከፍት ነበር። ዛሬም በዚያው ቦታ የማኅበረሰብ የእንግዳ ቤት አለ። በሁለቱም ቦታ ቤቱ የመጣው ባለቤት ካለው መሬት ላይ ነው።

ስለዚህ፥ ወጣቱ ባለሥልጣን ሆይ፥ ነገ የአንድ የእንግዳ ቤት ፕላን ጠረጴዛህ ላይ ሲቀመጥ፥ የፊት ገጹን ባለ ቀለም ሥዕል ገልጠህ እለፈውና ሦስት ነገር ፈልግ። ፍሳሹ የት ይደርሳል? የሰፈሩ ሰው በየት በኩል ወደ ውኃው ይወርዳል? እንግዳ ባልመጣበት ዓመት ቤቱ ምን ይሠራል? መልሱን በወረቀቱ ላይ ካላገኘኸው ማኅተሙን አታንሣ።

ከሐይቅ ከመነሣታችን በፊት ጓደኛችን ሽማግሌውን፥ «አባባ፥ እዚህ ዳር ጥሩ የእንግዳ ቤት ቢሠራ መጥተው ቡና ይጠጣሉ?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። እርሳቸውም መረባቸውን አጣጥፈው ተነሡና፥ «ምን ከፋኝ፥ ልጄ፤ መንገዴን ካልዘጋችሁብኝ» ብለዋት ወደ ጀልባቸው ወረዱ።